«90 በመቶ አልቋል» ከተባለ ሁለት ዓመት ያለፈው ጌም

ጥያቄ፦ «የዛሬ አምስት ዓመት ሁለት ጓደኛሞች ለሚሠሩት አንድ ጌም በኪክስታርተር (ሰው ገና ላልተሠራ ነገር ገንዘብ በሚያዋጣበት ድረ ገጽ) ገንዘብ አዋጣሁ። በዓመት ተኩል ይደርሳል ተብሎ ነበር። ሦስት ጊዜ ተራዘመ። ከሁለት ዓመት በፊት 90 በመቶ አልቋል አሉን። ያለፉትን ሰባት ወራት ድምፃቸው ጠፍቶ ቆይቶ ሰሞኑን ብቅ አሉና ያላለቀውን ጌም ስቲም (የኮምፒዩተር ጌም መሸጫ) ላይ በኧርሊ አክሰስ፣ ማለትም እንዳለ ሳያልቅ፣ ልናወጣው ነው አሉ። ላዋጣነው ሰዎች በነፃ ይሰጠናል፤ ጎን ለጎን ግን ‹የደጋፊዎች ፓኬጅ› ግዙልን እያሉ ነው። 10 በመቶ ሥራ እንዴት ሁለት ዓመት ይፈጃል? ሰው ለምን አይቀጥሩም? ተበላን ማለት ነው? ገንዘቤን ማስመለስስ እችላለሁ? ጓደኞቼ ‹ሲልክሶንግ የተባለው ጌምም ሰባት ዓመት ፈጅቶ ነው ምርጥ የሆነው፣ ታገሥ› ይሉኛል።»

ምላሽ፦

ከ90 በመቶው እንጀምር፤ የቀረው ጥያቄህ ሁሉ ከእሱ ነው የሚመዘዘው። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ልኬት ግን አይደለም። ጌም ሠሪ «90 በመቶ አልቋል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው የተጀመሩ ነገሮችን ነው። ገጸ ባሕርያቱ ተሥለዋል፣ ሙዚቃው ገብቷል፣ ካርታው ላይ ያሉት ቦታዎች በሙሉ ይታያሉ። ያልቆጠረው እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሲገናኙ ተስማምተው መሥራታቸውን ነው። ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ቶም ካርጊል የተናገራት የፕሮግራመሮች ቀልድ አለች፦ የኮዱ የመጀመሪያ 90 በመቶ የጊዜውን 90 በመቶ ይወስዳል፤ የቀረው 10 በመቶ ደግሞ ሌላውን 90 በመቶ ይወስዳል። ድምሩ 180 መሆኑ ነው ቀልዱ። እኔ የጌም ፕሮዲውሰር ነኝ፤ ሥራዬ ቀን መቁጠር ነው። 180 ላይ ያለቀ ፕሮጀክት ካየሁ በጊዜው አለቀ እላለሁ።

ያ 10 በመቶ ምን እንደሆነ በአንድ ነገር ላሳይህ። አንድ ጊዜ ስንሠራው በነበረ ጌም ላይ የሞከሩልን ሰዎች በሙሉ «ዝላዩ ይከብዳል» አሉን። ልክ ነበሩ። ፕሮግራመራችን አንዲት ቁጥር ከፈተና ትንሽ ከፍ አደረጋት። ሁለት ደቂቃም አልፈጀበት። ዝላዩ አማረ፣ ሁላችንም ደስ አለን። በማግስቱ ከሞካሪዎቻችን አንዷ ቁልፉን ሳታገኝ በሩን አልፋ ተገኘች። በሩን አልከፈተችውም፤ አጠገቡ ያለውን ግድግዳ ነው የዘለለችው። ግድግዳው የተሠራው በድሮው ዝላይ ልክ ነበር። ግድግዳውን ስናስረዝመው ካሜራው ጫፉን ይቆርጠው ጀመር። ካሜራውን ስናርቀው ከኋላ ያለው ሥዕል አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ድፍን ጥቁር ነው። ሠዓሊው ሥዕሉን መቀጠል ነበረበት። ሦስተኛው ክፍል ላይ ያለው ቦስ (የክፍሉ ትልቁ ጠላት) ደግሞ የሚያጠቃው መሬት ለመሬት በሚሄድ እሳት ነበር። አሁን ተጫዋቹ እሳቱን ብቻ ሳይሆን ቦሱንም ራሱን ዘሎ ከጀርባው ይቆማል። ቦሱ ደግሞ መዞር አያውቅም። ማንም ከኋላው ይደርሳል ብሎ ስላልገመተ ሲዞር የሚያሳይ ሥዕል የለውም። ተሣለለት። ያቺን ቁጥር ከነካንበት ቀን አንሥቶ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞረን እስክንጨርስ አምስት ሳምንት ሄደ።

ያንን አምስት ሳምንት አሁን ከውጭ ሆነህ ተመልከተው። አዲስ ቦታ የለም፣ አዲስ ጠላት የለም፣ ለትሬይለር የምትሆን አንዲት ሴኮንድ የለችም። ለሚጠብቁን ሰዎች ምን ብለን እንጻፍ? «ቦሱ መዞር ተማረ»? ሳንጽፍ ቀረን።

ዝላይ እንግዲህ አንዱ ብቻ ነው። ተጫዋቹ አሳንሰር ውስጥ እየወረደ ሴቭ ያደርጋል፤ በነጋታው ሲመለስ አሳንሰሩ ታች ነው፣ እሱ ግን አየር ላይ። ጌሙ ኮንሶል ላይ የሚወጣ ከሆነ ሶኒም፣ ማይክሮሶፍትም፣ ኒንቴንዶም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈተና አላቸው። መሀል ላይ ኮንትሮለሩ ቢነቀል ጌሙ ምን ያደርጋል የሚለው ሳይቀር ይታያል። ከወደቅህ አስተካክለህ እንደገና ትሰለፋለህ። ጽሑፉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ቃሉ ይረዝምና ከሳጥኑ ይወጣል። ስለዚህ «10 በመቶው ሁለት ዓመት ፈጀ» የሚለው ብቻውን አያስደነግጠኝም። የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።

ሰው ስለ መቅጠር። የሶፍትዌር ባለሙያው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የጻፈው ነገር እስካሁን አልተሻረም፦ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው ብትጨምር ይብስ ይዘገያል። ሁለት ሰዎች ብቻ በሚሠሩት ጌም ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ኮዱ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ ያለው አንደኛው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሱም የዛሬ አራት ዓመት ሌሊት የጻፈውን ራሱ ረስቶታል። አዲስ ሰው ሲመጣ ይህ ሰው ሥራውን ትቶ አስተማሪ ይሆናል። ሁለት ሦስት ወር አስተምሮ፣ ገና ተማሪው መሥራት ሲጀምር የደመወዙ ገንዘብ ያልቃል።

ገንዘቡ ራሱ አንተ የምታስበውን ያህል አይደለም። አንድ ቡድን 50 ሺህ ዶላር ሰበሰበ እንበል። ኪክስታርተር 5 በመቶ ለራሱ ያስቀራል፤ ክፍያውን የሚያስተላልፈውም የራሱን ይቆርጣል። ግብር አለ፤ ቃል የተገባው ቲሸርትና ፖስተር ማሳተሚያና መላኪያ አለ። የቀረው ለሁለት ሰው የዓመት ተኩል ኑሮ ቢበቃ ጥሩ ነው። ለአምስት ዓመት ግን አይበቃም። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ያንተ ጌም ሠሪዎች ቀን ቀን ለሌላ ሰው ሥራ እየሠሩ ማታ ማታ ጌማቸውን እየነካኩ ነው ብዬ ብገምት የምሳሳት አይመስለኝም። ይህንን ግን ወጥቶ ለመናገር ያፍራሉ። አዋጪው «እንዴ፣ ገንዘቤስ?» ይላላ።

ብዙ ገንዘብም መድኃኒት አይደለም። ደብል ፋይን የተባለው ስቱዲዮ በ2012 በኪክስታርተር 400 ሺህ ዶላር ጠይቆ ከ3.3 ሚሊዮን በላይ አገኘ። ጌሙ በዚያው ዓመት ጥቅምት ይደርሳል ተብሎ ነበር። ብሮክን ኤጅ በሚል ስም ግማሹ የወጣው በጥር 2014 ነው፣ ሌላው ግማሽ በሚያዝያ 2015። ገንዘቡ ሲበዛ ሐሳቡም አብሮ አበጠ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው እኮ ይህንን ያደረጉት።

ወደ ጓደኞችህ ልምጣ። የሲልክሶንግን ታሪክ በግማሹ ነው የነገሩህ። የሠራው ቲም ቼሪ የአውስትራሊያዋ አደሌድ ውስጥ ያለ ትንሽ ቡድን ነው። መጀመሪያ ለቀድሞው ጌማቸው ለሆሎው ናይት ተጨማሪ ክፍል እንዲሆን ታስቦ የነበረው ነገር እየሰፋ ሄዶ በየካቲት 2019 ራሱን የቻለ ጌም ሆኖ ታወጀ። በሰኔ 2022 የኤክስቦክስ ዝግጅት ላይ በ12 ወር ውስጥ ከሚወጡት ጌሞች ጋር ታየ። በግንቦት 2023 ይዘገያል ተባለ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። በነሐሴ 2025 ድንገት ቀን ተቆረጠለት፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሴፕቴምበር 4 ላይ በ20 ዶላር ወጣ። የዚያን ቀን ስቲምን ጨምሮ መሸጫዎቹ ከገዢው ብዛት ተንገዳገዱ። ሠሪዎቹ በኋላ ሲጠየቁ የተበላሸ ነገር አልነበረም፣ መሥራቱ ደስ ስላለን እየጨመርን ሄድን ነው ያሉት።

እዚህ ላይ ጓደኞችህ የዘለሏት አንዲት ነገር አለች። ሆሎው ናይት በ2017 ወጥቶ ሚሊዮኖች ገዝተውታል። ቲም ቼሪ በራሱ ገንዘብ፣ የቤት ኪራይ ሳያሳስበው፣ ያሻውን ያህል መቆየት ይችል ነበር። ዝም ቢልም የሚያጣው ነገር አልነበረም። ያንተዎቹ ከኋላቸው የተሸጠ ጌም ያላቸው አይመስለኝም። የሁለቱ ዝምታ ከውጭ አንድ ዓይነት ይመስላል እንጂ አንዱ የጠገበ ሰው ዝምታ ነው፣ ሌላው የተቸገረ ሰው።

ደግሞ የምንሰማው የወጡትን ብቻ ነው። ስታርዲው ቫሊ የተባለውን ጌም ኤሪክ ባሮን ብቻውን አራት ዓመት ተኩል ገደማ ሠርቶ በ2016 አወጣው፤ እሱ ሲሠራ የቤቱን ወጪ በአብዛኛው የሸፈነችው ፍቅረኛው ነበረች። ካፕሄድን የሠሩት ወንድማማቾች ቤታቸውን እስከ ማስያዝ ደርሰዋል። አውልቦይ በ2007 ተጀምሮ የወጣው በ2016 ነው። እነዚህን ሁሉም ያነሳቸዋል። ክላንግንና ዮግቬንቸርስን ማን ያነሳል? ሁለቱም በ2012 ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሕዝብ ሰበሰቡ፤ ሁለቱም በ2014 ሳያልቁ ቆሙ። ማይቲ ነምበር ናይን ደግሞ በተደጋጋሚ ተራዝሞ በ2016 ወጣ፤ ወጥቶም የጠበቁትን ሰዎች ቅር አሰኘ። መዘግየት ጌሙ ጥሩ ለመሆኑ ምልክት አይደለም። መጥፎ ለመሆኑም አይደለም። መዘግየት የሚነግርህ ዕቅዱ ስሕተት እንደነበረ ብቻ ነው።

ተበልታችኋል ወይ? አይመስለኝም። ሊያጭበረብር የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው የሚጠፋው፤ አምስት ዓመት ተቀምጦ ሦስት ጊዜ ይቅርታ አይጠይቅም። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ኢታን ሞሊክ በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ገንዘባቸውን ከሰበሰቡ የኪክስታርተር ፕሮጀክቶች ውስጥ ቃል የገቡትን ሳያደርሱ የቀሩት 9 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህ ጌም ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ዘርፍ ያጠቃልላል። እኔ ቀርቤ ያየኋቸው ያልደረሱ ጌሞች የሞቱት በሦስት ነገር ነው፦ ገንዘብ አልቆ፣ ሠሪዎቹ ተጣልተው፣ ወይም ሠሪው የራሱን ሥራ ማየት አስጠልቶት። ሦስተኛው ከሚመስልህ በላይ የተለመደ ነው። ያንኑ የመጀመሪያ ክፍል አሥር ሺህ ጊዜ የተጫወተ ሰው ጌሙ ያስቅ እንደሆነ፣ ያዝናና እንደሆነ መለየት ይሳነዋል።

የሰባት ወር ዝምታውን ግን ልከላከልላቸው አልፈልግም። እንዴት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ ለደጋፊዎች የምንልከውን ደብዳቤ ጽፌ ሳልልከው አንድ ሳምንት አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ለዘገየሁበት ይቅርታ ጨመርኩበት። በአራተኛው ሳምንት ይቅርታው ከወሬው በለጠ። ዝምታ ወለድ ይወልዳል፤ በየቀኑ መመለሻው ይከብዳል። በመጨረሻ ሦስት መስመር ጻፍኩና ላክሁ። የተቆጣ ሰው ነበር፤ አብዛኛው ግን «እሺ» ብሎ አለፈ። ያን ያህል ቀላል ነበር። የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው በወር አንድ አንቀጽ መጻፍ አቃተኝ ሊል አይችልም።

አሁን ያስደነግጠኛል ወዳልኩህ ነገር እንምጣ። ያሳዩአችሁን ቪዲዮዎች መልሰህ ተመልከት። ከሁለት ዓመት በፊት ያየኸው ያው ጫካ፣ ያው ድልድይ፣ ያው ቦስ ከሆነ አሁንም እየታየ ያለው፣ ጌሙ የለም፤ ያለው የታየው ክፍል ብቻ ነው። ሌላው፣ ቪዲዮው ያልተቆራረጠ ነው ወይ? ተጫዋቹ ሲሞት፣ ሲመለስ፣ ሜኑ ሲከፍት፣ ሴቭ ሲያደርግ ይታያል? አራት አራት ሴኮንድ የሆኑ ቁርጥራጮችን ማሳመር አንድ ሳምንት ይበቃል። አሥር ደቂቃ ሳያቋርጡ ማሳየት ግን የሚሠራ ጌም ይጠይቃል። ጽሑፋቸውንም እይ። «በጣም ጓጉተናል፣ እናንተን ማመስገን እንወዳለን» የሚል ደብዳቤ ምንም አይነግርህም። «ዓሣዎቹ ግድግዳ ውስጥ ገብተው ይሞቱ ነበር፣ ሦስት ቀን ፈጅቶብን አስተካከልነው» የሚል ደብዳቤ የሚሠራ ሰው ደብዳቤ ነው። ስቲምዲቢ የሚባለው ጣቢያ ላይ ስሙን ብትፈልግ የጌሙ ፋይል በስቲም ላይ መቼ እንደተቀየረ ማየት ትችላለህ። ተጠንቀቅ ግን፤ እንቅስቃሴ መኖሩ ሰው እንዳለ ይናገራል እንጂ ሊያልቅ ነው ማለት አይደለም።

ኧርሊ አክሰስን ብዙ ሰው «ቀደም ብሎ መውጣት» አድርጎ ነው የሚረዳው። አይደለም። ዛሬ ያለውን ነገር ዛሬ መሸጥ ነው። ስቲምን የሚያስተዳድረው ቫልቭ ራሱ አንዳንድ ቡድኖች ጌማቸውን መጨረስ ላይችሉ እንደሚችሉ በግልጽ ይጽፋል፤ አሁን ባለበት ሁኔታ መጫወት ካላስደሰተህ አትግዛ ይላል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከ12 ወር በላይ አፕዴት ያልተደረገ የኧርሊ አክሰስ ጌም ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። መንገዱ ራሱ መጥፎ አይደለም። ሄይድስ የተባለው ጌም በታኅሣሥ 2018 ኤፒክ በተባለው ሌላ መሸጫ ላይ በኧርሊ አክሰስ ገብቶ በሴፕቴምበር 2020 ሙሉ ሆኖ ወጥቷል፤ ያንን ያደረገው ግን ከዚያ በፊት ሦስት ጌም የጨረሰ ስቱዲዮ ነው። ፕሮጀክት ዞምቦይድ ደግሞ ስቲም ላይ በ2013 ገብቶ ከአሥር ዓመት በላይ እዚያው ቆይቷል፤ ሰው ግን በየቀኑ እየተጫወተው ስለሆነ «መቼ ያልቃል» የሚለው ጥያቄ ክብደቱን አጥቷል። የእነሱ ጉዞም አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ በ2011 ኮዱ ያለባቸው ላፕቶፖች ተሰርቀውባቸዋል።

ያንተው ጌም የትኛው ዓይነት ነው? ደጋግመህ የምትጀምረው፣ በየጊዜው የሚለያይ ጌም ከሆነ ኧርሊ አክሰስ ይስማማዋል። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ታሪክ ከሆነ ግን ይጎዳዋል፤ ሰው ግማሹን አንድ ጊዜ ያይና ሌላው ግማሽ ሲመጣ አይመለስም። ሁለት ሰዎች ለሚሠሩት ጌም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በወጣ ማግስት የባግ (የስሕተት) ሪፖርት ይዘንባል። የሆነ ሰው ኮምፒዩተር ላይ አይከፈትም፣ የሌላው ድምፅ የለውም። ቀሪውን ክፍል ሊሠሩበት የነበረው ጊዜ ለዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ከኧርሊ አክሰስ በኋላ ፍጥነታቸው ይጨምራል ብለህ አትጠብቅ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀንሳል።

ገንዘብህን ስለ ማስመለስ፣ ተስፋህን ዝቅ አድርግ። ኪክስታርተር ሱቅ አይደለም። ግቡ ከተሞላ ገንዘቡን ሰብስቦ ለሠሪዎቹ ያስረክባል፣ ራሱ አይመልስም። ውሉ ሠሪዎቹ ቃላቸውን እንዲፈጽሙ፣ ካልቻሉ ገንዘቡ በምን እንደዋለ እንዲያስረዱና የተረፈ ካለ እንዲመልሱ ያስገድዳል፤ አምስት ዓመት ቆይቶ የተረፈ ነገር ይኖራል ብዬ ግን አላምንም። በባንክ ካርድ ክፍያውን መቃወምም ጊዜው አልፏል። ስቲም የገዛኸውን ጌም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውተህ ከሆነ ገንዘብህን ይመልሳል፤ ይህ ግን ስቲም ላይ ለተገዛ ነገር ነው እንጂ በኪክስታርተር ለተሰጠህ ኮድ አይሠራም። አንድ ሰው ደግሞ ኧርሊ አክሰስ ላይ ከገዛ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያው ቀን ጀምሮ ነው፤ ጌሙ ሲያልቅ እንደገና ከዜሮ አይጀምርም። እና እባክህ፣ «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፣ ትንሽ ክፍያ ላክ» የሚልህ ሰው ከመጣ እውነተኛው ሌባ እሱ ነው።

ምክሬ ይኸው። ፓኬጁን አትግዛ። በምንም መልኩ። አንድ ጊዜ ላላየኸው ነገር ከፍለሃል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ አታድርገው። መደገፍ ከፈለግህ ካለቀ በኋላ ለጓደኛህ አንድ ቅጂ ግዛለት፤ ያ ለእነሱም ይበልጥ ይጠቅማል። ያዋጣኸውን ገንዘብ ዛሬ ወጪ ብለህ ዝጋው። ኧርሊ አክሰሱ ሲወጣ በነፃ ስለሚደርስህ ውሰደው፣ አንድ ሰዓት ሞክረው። የታሪክ ጌም ከሆነ እዚያው ላይ አቁም፤ ያልተጨረሰውን በልተህ ስትጨርስ ያለቀውን የምታይበት አፒታይት አይኖርህም። ከወጣበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ቁጠር። በስድስቱ ወር ውስጥ አዲስ የሚጫወቱት ነገር የጨመረ ቢያንስ ሁለት አፕዴት ካልመጣ፣ ጌሙ ያለበት እዚያው ነው ብለህ ተወው። በዚህ መሀል ደጋፊዎቹ የሚያወሩበት ዲስኮርድ ካለ ከእሱ ውጣ። ሲያልቅ ስቲም ላይ ታየዋለህ፤ በየማታው ገብተህ «ዛሬስ?» እያልክ የምትፈትሸው ነገር የለም።

ስድብ ደግሞ ከእቅድህ አውጣ። በ2013 «ፌዝ» (Fez) የተባለው ጌም ሠሪ ትዊተር ላይ ከተነሣ ጭቅጭቅ በኋላ የጌሙን ሁለተኛ ክፍል ሰርዞ ወጣ፤ ሁለተኛው ክፍል ከታወጀ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ተቆጥቶ ጌም ያስጨረሰ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ይልቅ አንዲት ጥያቄ ጻፍላቸው፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር፦ «ዛሬ አንድ ሰው ጌሙን ከመጀመሪያው ስክሪን እስከ መጨረሻው፣ ሥዕሉም ቢጎድል፣ ሙዚቃውም ባይኖር፣ ሳይቆም መጫወት ይችላል?» እኛ ቢሮ ውስጥ ከመቶኛ ይልቅ የምንጠያየቀው ይህንን ነው። «አዎ፣ ሰዎችም ተጫውተው ጨርሰውታል» ካሉህ የቀረው ጥገና ነው፤ እኔ ብሆን አንድ ዓመት እሰጣቸዋለሁ። «ከመጨረሻው ክፍል በስተቀር» ካሉ፣ የመጨረሻው ክፍል ከሁሉ የሚከብደው ስለሆነ ሁለት ዓመት በል። «እሱን ገና አልሞከርነውም» ካሉ ወይም ጥያቄዋን ዘልለው ስለ አዲሱ ትሬይለር ከነገሩህ፣ 90 በመቶውንም ቀኑንም እርሳና ሌላ ጌም ክፈት።